የሱኑት ደንና የዝርያ መዝገብ



ስለ ብርቅ ዕፀዋት ጥበቃ በሚነገርበት ጊዜ በመጀመሪያ የሚነሣው የኦርኪድ ስም ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመው የዓለም ንግድ ውል የኦርኪድን ወገን በሙሉ በመዝገቡ ስላስገባ፥ የዱር ኦርኪድን ያለ ፈቃድ ከአገር ወደ አገር ማሻገር ክልክል ነው። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን መዝገብ የሚጠብቀው ስሙ የተጻፈለትን ብቻ ነው። ስሙ ያልተጻፈለት ዛፍ ሲጨፈጨፍ ማን ይሟገትለታል? ለዚህ ጥያቄ ካርቱም ምስክር ናት።

በዚያች ከተማ፥ ነጭ ዐባይና ጥቁር ዐባይ በሚገናኙበት በሞግራን አጠገብ፥ የሱኑት ደን ይገኛል። ሱኑት በአረብኛ የአንድ ግራር ስም ነው። ፍሬው ቆዳ ያለፋል፤ ግንዱም ለጀልባና ከባቡር ሐዲድ በታች ለሚጋደም እንጨት ሲያገለግል ኖሯል። ከብዙ ዛፎች የሚለየው ግን ሥሩ በውሃ ተውጦ ለብዙ ሳምንታት መቆም በመቻሉ ነው። የጎጃምና የጎንደር ክረምት ዐባይን ሲሞላው፥ ሙላቱ ነጭ ዐባይን ገትቶ ያቆመውና ውሃው በደኑ ውስጥ ይተኛ ነበር። ከአውሮፓ ብርድ የሚሰደዱ ወፎችም በዚያ ያርፉ ስለ ነበር፥ ደኑ በ1939 የአእዋፍ መጠለያ ተብሎ ተከለለ።

መዝገቡን ለሚመለከት ሰው ይህ ግራር የሚያሠጋ ነገር የለበትም። ከአፍሪቃ እስከ ህንድ ስለሚበቅል፥ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሥጋታቸው አነስተኛ ከሆነው ዝርያዎች ተርታ አስቀምጦታል። ሆኖም በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ጠባቂ ጠፋ፥ መብራትና ጋዝ ተቋረጠ፥ መጥረቢያም ወደ ደኑ ገባ። ብዙው ዛፍ ለማገዶ ተቈረጠ። እነሆ፥ ዝርያው ሳይጠፋ ደኑ ተራቈተ። ድስቱን ለመጣድ ቅርንጫፍ የሰበረውን ችግረኛ መውቀስ አይገባም፤ የተራበ ሰው የሕግ መጽሐፍ አይገልጥም። የሚያሳስበው ከሰላም በኋላ የሚመጣው ነው። መሬቱ ለደን ከተተወ ግራሩ መልሶ ሊበቅል ይችላል፤ ሕንፃ ከተሠራበት ግን ዘር የሚወድቅበት ስፍራ አይኖርም።

ኦርኪድም ራሱ ከዚህ ፍርድ አያመልጥም። ከኢትዮጵያ ኦርኪዶች አንዳንዶቹ በሽማግሌ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ይበቅላሉ፤ ዘራቸውም ያለ ሻጋታ መሰል ረዳት አይበቅልም። ዛፉ ሲወድቅ፥ በመዝገብ የተጠበቀው አበባ ከነመዝገቡ ይወድቃል። ስለዚህ ዝርያን መጠበቅ ማለት የሚኖርበትን ስፍራ መጠበቅ ማለት ነው።

የመምህር ድርሻ ከዚህ ይጀምራል። ተማሪዎቹን በየዓመቱ ወደ ቅርቡ የወንዝ ዳር ወይም ወደ ደብሩ ዛፎች ወስዶ ያስቈጥር፤ ቍጥሩንም በትምህርት ቤቱ መዝገብ ያስጽፍ። ልጆች በስሙ የሚያውቁት ዛፍ በሚቈረጥበት ቀን ምስክር አያጣም።