የምጣዱ ኮረንትና የማራዘሚያው ገመድ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሙያ ሲነሣ ቀድመው በሰው ሐሳብ የሚመጡት ግድቡ፣ ትራንስፎርመሩና ከተራራ ተራራ የተዘረጋው የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በደኅና የተጓዘው ኃይል በመጨረሻዎቹ ሃያ ሜትሮች ላይ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። የዚህ ንግግር ዓላማም ስለ እነዚህ ሃያ ሜትሮች ማስታወስ ነው።

በብዙ ግቢ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ ይሠራል፤ ሶኬቱ ግን የሚገኘው ሳሎን ውስጥ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ሲደርስ ከሱቅ የተገዛው ማራዘሚያ ገመድ ከሳሎን ተነሥቶ፣ በመስኮት ወጥቶና ግቢውን አቋርጦ ከምጣዱ ይደርሳል። ገመዱ ትናንት ማታ አምፖልና ራዲዮ ያለ ችግር ስላሠራ ምጣዱንም እንደሚችል ይታመናል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

3,500 ዋት የሚፈጅ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ባለ 60 ዋት አምፖል የሚስበው 0.3 አምፔር እንኳ አይሞላም። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1841 እንዳስታወቀው፣ በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በኮረንቱ ካሬ ነው፤ ይኸውም ኮረንቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ አምፖል ማብራቱ ለገመዱ ብቃት ምስክር ሊሆን አይችልም።

የሽቦ መጠን የሚነገረው መዳቡ ተቆርጦ ሲታይ ባለው ስፋት፣ በካሬ ሚሊ ሜትር ነው። በተለመደው አሠራር ለተጣጣፊ ገመድ የሚፈቀደው ኮረንት ለ0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር 6 አምፔር፣ ለ1 ካሬ 10፣ ለ1.5 ካሬ 16፣ ለ2.5 ካሬ ደግሞ 25 አምፔር ያህል ነው። በመሆኑም ምጣዱን በ0.75 ገመድ የሚያሠራ ሰው ለሽቦው ከተፈቀደው ሙቀት ሰባት እጥፍ ያህል ይጭንበታል። ገመዱ 20 ሜትር ቢሆን መሄጃውና መመለሻው ተደምሮ 40 ሜትር መዳብ ነውና 240 ዋት ያህል በገመዱ ላይ በሙቀት ይባክናል፤ 15 ቮልት ያህልም ከምጣዱ ሳይደርስ ይቀራል። በ2.5 ካሬ ገመድ ግን ብክነቱ ወደ 72 ዋት፣ የቮልቴጁ መውረድም ወደ 4.5 ቮልት ዝቅ ይላል። ባለ 1.5 ካሬው ከወሰኑ ላይ የቆመና ትርፍ የሌለው ስለሆነ ለሰዓታት ለሚቆይ ጋገራ አይመከርም።

«ባልቦላው ይቆርጠዋል» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ባልቦላው ግን የተመረጠው በግድግዳው ውስጥ ላለው ወፍራም ሽቦ ነው። 16 ወይም 20 አምፔር የሚያሳልፍ ባልቦላ 16 አምፔሩን እንደ ጤናማ ጭነት ይቆጥረዋል፤ ቀጭኑ ገመድ ውጭ ሲቀልጥም ሳይቆርጥ ሊቆይ ይችላል። የተለመደው የፕላስቲክ ልባስ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ዘወትር እንዲሞቅ አልተሠራም። ገመዱ ተጠቅልሎ እንዳለ ቢሠራ ወይም ከምንጣፍ ሥር ቢያልፍ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ስለዚህ ትክክለኛው ገመድ እንኳ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ፣ አየር እያገኘ ሊሠራ ይገባዋል። የላላ ስፒናም ከሽቦው ቀድሞ ሊግል ይችላል።

የመሬት ሽቦ ነገርም አይዘነጋ። የምጣዱ አካል ብረት፣ የጋጋሪዋ እጅም ሊጥ የነካው ነው። ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ማራዘሚያ ይህን መከላከያ ቆርጦ ያስቀረዋልና ቢጫና አረንጓዴው ሦስተኛ ሽቦ ከሳሎኑ ሶኬት እስከ ምጣዱ ሳይቋረጥ መድረስ አለበት።

ገዢውም በገመዱ ውጫዊ ውፍረት እንዳይታለል ይገባል፤ ወፍራም ልባስ ቀጭን መዳብ ሊሸፍን ይችላልና። መነበብ ያለበት በልባሱ ላይ የታተመው መጠን ነው። በአሜሪካ የቁጥር ልማድ የተሠራ ገመድ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሽቦው ይቀጥናል፤ 14 ቁጥር 2.1 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን 18 ቁጥር 0.8 ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ ሥርዓቱ አጭር ነው፤ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ለ220 ማካፈል፣ ከተገኘው አምፔር በላይ የሚችል ሽቦ መምረጥ፣ ርቀቱ ሲጨምር አንድ ደረጃ ወፍራሙን መውሰድ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለማድ ቤቱ የራሱ ባልቦላ ያለው ቋሚ መስመር በባለሙያ ማስዘርጋት ነው፤ ማራዘሚያ ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም።

የማኅበሩ አባል ሁሉ ዘመድና ጎረቤት አለው። የጋገራ ቀን ወደ አንዱ ግቢ ሲገባ በመስኮት የወጣውን ገመድ በእጁ ዳብሶ ሞቆ ካገኘው፣ ምጣዱን አስጠፍቶና ስፒናውን አስነቅሎ ምክንያቱን ለባለቤቶቹ ማስረዳት የሙያው ግዴታ ነው።