ኪራይና ጣራ



እንደ መርጡለ ማርያም ባለች አነስተኛ ከተማ በመንገድ ዳር ቤት የሠራ ሰው ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ከፊት ይነግዳል፣ ከጓሮ ይኖራል፣ ትርፍ ክፍል ካለው ያከራያል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሚከራዩትን መኖሪያና የንግድ ቤቶች የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተረከበ። በዚህም ራሱ ያልሠራቸውን ቤቶች የሚያከራይ ታላቅ ድርጅት ተመሠረተ።

የኪራዩ መቀነስ ለተከራዩ እፎይታን ሰጠ። ይሁን እንጂ ጣራ የሚከደነው፣ ግድግዳም የሚለሰነው ከኪራይ በሚገኝ ገንዘብ ነው። የጥገናው ወጪ ከዓመት ዓመት ሲያድግ ኪራዩ ባለበት ስለ ቆመ ብዙዎቹ ቤቶች አረጁ።

ድርጅቱ ስሙንና አቋሙን እየለወጠ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሆነ፤ ቤት ከማከራየት ሌላ አዳዲስ ሕንፃ መሥራትም ተግባሩ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. የንግድ ቤቶችን ኪራይ ከፍ ሲያደርግ ለረጅም ዘመን በዝቅተኛ ዋጋ የኖሩ ነጋዴዎች ቅሬታ አሰሙ። የዘገየ ሒሳብ ባንድ ጊዜ ሲጠየቅ ይከብዳልና ቅሬታቸው አያስደንቅም።

እንግዲህ ባለቤትነት በአዋጅ በአንድ ቀን ይዛወራል፤ ጣራውን የሚከድነው ኪራይ ግን በየዓመቱ ሊታሰብለት ይገባል።