«ፒንጉ ይመልሳል» ማለት ውጤቱ ደረሰ ማለት አይደለም



«ሐኪሟ ስለ ኔትዎርክ ምን አገባት?» እንዳትሉኝ፤ ጉዳዩ የበሽተኛ ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ስለዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን አፕግሬድ ማድረግ አይቀርም። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ግን ዋርድ አይደርስም። ባዶ ስክሪን ያየ ተረኛ ሐኪም «ገና አልተሠራም» ብሎ ይጠብቃል። የበሽተኛው ፖታሲየም ግን አደገኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ላቦራቶሪ ውስጥ ተመዝግቦ ተቀምጧል።

ሳይመረመር መድኃኒት አይታዘዝም አይደል? እዚህም እንደዚያው ነው።

መጀመሪያ አፕግሬድ ያልተደረገ ኮምፒውተር እዚያው ገመድ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። እሱ ከሠራ መስመሩን ትታችሁ አዲሱን ማሽን መርምሩ።

ቀጥሎ መጠኑን እዩ። ዊንዶውስ በተለምዶ የሚልከው ፒንግ 32 ባይት ብቻ ነው፤ የኤክስሬይ ምስል የሚጓዝባቸው ፓኬቶች ግን እስከ 1500 ባይት ይደርሳሉ። ትንሹ አልፎ ትልቁ መንገድ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ፓኬቱ እንዳይከፋፈል አዝዛችሁ 1472 ባይት ላኩ፤ 28 ባይት የአድራሻና የመቆጣጠሪያ መረጃ ሲጨመርበት 1500 ይሞላል። ካልተመለሰ እየቀነሳችሁ የሚያልፈውን መጠን ፈልጉ።

ሦስተኛው አቅጣጫ ነው። አፕግሬዱ የኔትዎርኩን ዓይነት ከ«የግል» ወደ «የሕዝብ» ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ማሽኑ እንደ ልቡ ይልካል፤ ከሌላ ማሽን የሚመጣለትን ጥያቄ ግን ፋየርዎሉ ይመልሰዋል። ከሁለቱም ጫፍ ሞክሩ።

አንዳንዴም ፓኬቱ ደርሶ በሩ ላይ ይመለሳል። የዊንዶውስ 11 24ኤች2 የቢሮ እትሞች ፋይል ለመጋራት ዲጂታል ፊርማ ይጠይቃሉ፤ ይህን የማያውቁ የቆዩ ስካነሮች አይገቡም።

«ፋየርዎሉን አጥፋውና ይሠራል» የሚል ምክር አትስሙ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሲያውክ ብዙ ቀጠሮ ተሰርዟል፤ የገባውም የደኅንነት ማሻሻያ ባልተጫነባቸው ማሽኖች ነው። አፕግሬዱም ጥበቃውም ግድ ነው። ለሚፈለገው አገልግሎት ብቻ መክፈት ይበቃል።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ጤናን ደሴ፣ ቴክኖሎጂን ኮምቦልቻ ያስተምራል። በመካከል ያለው ሐረጎ ነው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ለመኪና እንጂ ለስልክ አይከብድም። ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው፦ አፕግሬዱ በአንድ ማሽን ይጀመር። የኮምቦልቻው ኢንጂነር ከደሴዋ ነርስ ጋር ሆኖ አንድ የሙከራ ውጤትና አንድ ትልቅ ምስል ይላክ። ነርሷ «ደርሶኛል፣ ተከፍቷል» እስክትል ድረስ አደገኛ ውጤት በስልክ ይነገር፣ ወረቀቱም አይጣል።