ያባት ዕዳ ለልጅ፦ በፍርድ ቤት ስምምነት የሚጻፍ በጀት

(በምሩቃን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እዚህ ግቢ ስንማር በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤት ነው ተብለን ነው የወጣነው። እውነት ነው። ወጪ የሚገባበት ሌላ በር እንዳለ የተረዳሁት ግን የኒውዮርክን የመጠለያ ጉዳይ ሳነብ ነው። ዛሬ እሱን ላካፍላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1979 ሮበርት ሄይዝ የተባለ ወጣት ጠበቃ ጎዳና ላይ ስለሚያድሩ ወንዶች ከተማዋንና ክፍለ ግዛቷን ከሰሰ። ከከሳሾቹ አንዱ ሮበርት ካላሃን ነበር። ክሱ የተመሠረተው በ1938 በክፍለ ግዛቷ ሕገ መንግሥት ላይ በገባ አንቀጽ ነው፤ ችግረኛን መርዳት የመንግሥት ኃላፊነት ነው ይላል። በኦገስት 1981 ተከራካሪዎቹ ተስማሙ፤ ፍርድ ቤቱም አጸደቀው። ካላሃን ግን ያንን ቀን ሳያይ ሞቷል።

ሰነዱ ዝርዝር ነው። የአልጋው ስፋት ከ30 ኢንች እንዳያንስ፣ ሁለት ንጹሕ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ የሚቆለፍ የዕቃ ማስቀመጫ ይላል። እያንዳንዱ እኮ ገንዘብ ነው! በኋላም በሌሎች ክሶች መብቱ ለሴቶችና ለቤተሰቦች ደረሰ።

ያባት ዕዳ ለልጅ ይባል የለ? በአንድ ከንቲባ ዘመን የተፈረመውን ተከታዮቹ ሁሉ ሲከፍሉ ኖሩ። ከ2022 ጀምሮ ከ200 ሺህ የሚበልጡ ስደተኞች ወደ ከተማዋ ሲገቡ ወጪው በቢሊዮን ዶላር ተቆጠረ። በ2023 አስተዳደሩ ግዴታው እንዲላላለት ፍርድ ቤቱን ጠየቀ። በማርች 2024 የተደረሰው ሌላ ስምምነት የአዲስ መጤ ነጠላ አዋቂዎችን ቆይታ ባብዛኛው በ30 ቀን ወሰነ። ልብ በሉ፤ ይህም የተወሰነው በድርድር እንጂ በምክር ቤት ድምፅ አይደለም።

«ታዲያ ይሄ የሕዝብን ተወካዮች መዝለል አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንገድ ወይም ትምህርት ቤት የሚጠብቀው ነዋሪ ድርድሩ ላይ አልነበረም። በሌላ በኩል ደግሞ ጎዳና ላይ የሚያድረውን ሰው በጀት ሲመከር ማን ይጠራዋል?

እንደኔ በሩ መዘጋት የለበትም። ግን የመንግሥት ጠበቃ ከመፈረሙ በፊት የፋይናንስ ባለሙያው ዋጋውን ያስላ፤ ረቂቁ ለሕዝብ ይገለጽ፤ በየስንት ዓመቱ እንደሚፈተሽም እዚያው ይጻፍ።

መምህራኖቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የሕግና የፋይናንስ ተማሪዎችን አንድ ክፍል አስቀምጣችሁ ይህን ሰነድ አብረው ያንብቡት። አንዱ መብቱን ያያል፣ ሌላው ሒሳቡን። አልጋውን የሚጠብቀው ሰው የሁለቱም ሥራ ያስፈልገዋል።