«አትሂዱ» ከማለታችን በፊት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንዲት የሰፈራችን ነዋሪ ያደረጉት ንግግር)

ኮሚቴው «ውጭ አገር ኖረሽ የመጣሽ ነሽና፣ እንሂድ ለሚሉት ልጆች አንድ ነገር በይልን» ስላለኝ ከፊታችሁ ቆሜአለሁ። ንግግር አዋቂ አይደለሁም፤ የምናገረውም የደረሰብኝንና ያየሁትን ብቻ ነው።

በ1990 ዓ.ም. የአሜሪካ ዲቪ ሲደርሰኝ ዕድሜዬ 34 ነበር። በጤና ረዳትነት የመንግሥት ሥራ ነበረኝ። ወሬው በሰፈር እንደተሰማ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። አንዱ «በዚህ ዕድሜሽ ቋንቋ ልትለምጂ ነው?» ይላል። ሌላዋ «የያዝሽውን እንጀራ ጥለሽ የሰው ሳህን ልታጥቢ?» ትላለች። ከሁሉ የከበደኝ ግን አንድ የእድራችን አባት ያሉት ነው፤ «ልጄ፣ ሰው አገር ብትሞቺ ማን ይቀብርሻል?»

ሂጂም አትሂጂም ሳይሉ የመከሩኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ሾፌር ጎረቤታችን። ጠርተው አስቀመጡኝና አራት ነገር ጠየቁኝ። «እዚያ ስትደርሺ ማን ይቀበልሻል? የመጀመሪያውን የቤት ኪራይ በምን ትከፍያለሽ? የጤና ረዳትነት ወረቀትሽ እዚያ ይሠራል ወይ? ባይሳካልሽስ መመለሻሽ ምንድን ነው?» አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ተናድጄ ወጣሁ፤ ግን ጥያቄዎቹ እንቅልፍ ነሱኝ።

ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ለምትኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ወረቀትሽ አይቆጠርልሽም፣ ከታች ትጀምሪያለሽ፤ ለሁለት ወር ግን እኔ ጋ ታርፊያለሽ» ብላ መለሰችልኝ። የመመለሻ ትኬት የሚሆን ገንዘብ አጠራቅሜ እናቴ ዘንድ አስቀመጥኩ። ስሄድ እንግዲህ የማውቀውን አውቄ ሄድኩ።

ሥራ የጀመርኩት ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት በመቁረጥ ነው። ማታ ማታ ተምሬ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በአረጋውያን መጦሪያ የነርስ ረዳት ሆንኩ። ሥራው ከባድ ነው፤ ሽማግሌ ማንሳትና ማገላበጥ ወገብ ይቆርጣል። ደመወዙ ግን ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼን አስተምሯል።

በ1996 ዓ.ም. አንድ ማለዳ የአገር ልጆች ተሰብስበው በሬን አንኳኩ። ፊታቸውን ሳይ ገባኝ። እናቴ ዐርፋ፣ ተቀብራ፣ ሦስት ቀን ሆኗታል። ድንኳኑን የተከለው፣ ንፍሮውን የቀቀለው ይኸው የእናንተ እድር ነው። ያ «ማን ይቀብርሻል?» ያሉኝ አባት ቃሬዛዋን ከተሸከሙት አንዱ እንደነበሩ ወንድሜ ነገረኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ሳስብ እንባዬ ይመጣል። ጥያቄያቸው ውስጥ እውነት ነበረ፤ እኔ ግን በዚያን ጊዜ ምቀኝነት መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ መሄድሽ ስሕተት ነበር ወይ?» ብትሉኝ፣ አልነበረም እላለሁ። ዋጋ ግን ነበረው፤ ዋጋውን ቀድሞ የነገረኝ ሰውም ባለውለታዬ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ሰው «ይቅርብህ፣ ይቅርብሽ» ሲላችሁ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱን ካወቃችሁ ከፍርሃቱ መሐል የሚጠቅማችሁን ዕውቀት ታገኛላችሁ። ምክንያት የሌለውን ደግሞ በትሕትና ሰምታችሁ መንገዳችሁን ቀጥሉ።

አባቶችና እናቶች፣ ልጅ እምቢ ሲለን «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንላለን። ለመከራ አሳልፈን ከመስጠታችን በፊት እኛ በርግጥ መክረናል ወይ? «አትሂድ» ብሎ መጮህ ምክር አይደለም። ልጁ ሐሳቡን ከእኛ ይደብቃል፤ «ሳይሳካ እንዳይወራብኝ» ብሎ ለደላላ ብቻ ይነግራል። ደላላ ደግሞ አንድም ጊዜ «አትሂድ» አይልም! በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ከመካከላቸው በደላላ እጅ በባሕርና በበረሃ የወጡ ብዙ ነበሩ። ስንቱ ቤት ልጁ መሄዱን የሰማው ከሄደ በኋላ ነው!

ሕጉን ማወቅም ይጠቅማል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ ለሥራ የሚሄድ ሰው የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣውንና የኢንሹራንሱን ወጪ አሠሪው እንዲችል ደንግጓል። አዋጁ ለሠራተኛው የተወው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የልደት ሰርተፍኬት ያለውን ነው። እንግዲህ አንዱ መጥቶ ልጃችሁን «ለቪዛና ለትኬት ይህን ያህል ሺህ አምጪ» ቢላት፣ ያን ጊዜ ጠርጥሩ። ውሉን ሳታነብና ቅጂውን ቤት ሳታስቀር እንዳትሄድ። የፓስፖርቷንም ፎቶ ኮፒ ያዙላት፤ ፓስፖርት አሠሪ እጅ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጅ መጥቶ «ልሄድ ነው» ሲለን ከመቆጣታችን በፊት እነዚያን አራት ጥያቄዎች እንጠይቀው። መልስ ካለው እንመርቀው፤ ከሌለው አብረን እንፈልግለት። እኔም በበኩሌ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ነኝ። ውል የሚያስነብብ፣ የሚጠይቅም ልጅ ይምጣ፤ ቡና አለ።

የሚሄደውን በሰላም ያድርስልን፤ የሚቀረውንም ያበርታልን።