ከመድረክ ወደ ብዕር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በቴያትር ክበብ አባሎች የተነገረ)



ክበባችን በዚህ በዓል አንድ አጭር ንግግር እንዲያደርግ ስለ ታዘዘ፥ ሥራቸውን በመድረክ ጀምረው በብዕር ስለ ቀጠሉት ስለ ወይዘሮ ዓለም ፀሐይ ወዳጆ ልንነግራችሁ መረጥን። ስማቸውን ያልሰማ ቢኖር እንኳ በቤቱ ራዲዮ ግጥማቸውን ሳይሰማ ያደገ አለ ብለን አናምንም።

አስቀድመን ግን ወደ ኋላ እንመለስ። ቴያትር ወደ አገራችን በገባበት ዘመን ሴት ልጅ በሕዝብ ፊት ቆማ መጫወቷ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ስለዚህ የሴቲቱን ክፍል ጢሙን የተላጨ ወንድ ነጠላ ተከናንቦ ይጫወተው ነበር። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የምንለውም በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። እንደ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋናዮች ግን ከሥራቸው ድካም ይልቅ የሰው አፍ ሳይከብዳቸው አልቀረም። ያን ጊዜ «አዝማሪ» የሚለው ቃል የሙያ ስም ብቻ ሳይሆን ስድብም ነበርና።

ወይዘሮ ዓለም ፀሐይ የመጡት ይህ በር ከተከፈተ በኋላ ነው። በመድረክ ተጫወቱ፥ ቴያትር ጻፉ፥ አዘጋጁ፤ ሴት አዘጋጅ እምብዛም ባልነበረበት ጊዜ ተዋናዮችን የሚመሩ ሆኑ። በሕፃናትና ወጣቶች ቴያትርም ሠርተዋል። ከዚህ ሁሉ ጋር ለብዙ ድምፃውያን በመቶ የሚቈጠሩ የዘፈን ግጥሞችን ሰጡ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልንቈይ እንወዳለን። የዘፈን ግጥም መጻፍ ቀላል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የአማርኛ መምህራችን እንዳስተማሩን የወል ቤት የተባለው ግጥም በአንዱ ስንኝ 12 ቀለም ይይዛል፤ ስድስት ብሎ ያርፋል፥ ደግሞ ስድስት ይላል። ሰንጎ መገን አምስት አምስት እያለ ይሄዳል። አንድ ቀለም ቢተርፍ ዘፋኙ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ቢጐድል ዜማው ያነክሳል። በመድረክ ላይ ረጅም ቃል በቃሏ አጥንታ፥ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠው ሰው እንዲሰማ አድርጋ የተናገረች ተዋናይ ግን ትንፋሽ የት እንደሚያርፍ በወረቀት ሳይሆን በደረቷ ታውቀዋለች። ደግሞም ተዋናይ የሌላውን ሰው ልብ ለብሶ መናገር ልማዱ ነው፤ ወንድ ዘፋኝ የሚያዜመውን ግጥም ሴት ብትጽፈው ያስደንቃልን? እኛ መድረኩ የብዕራቸው ትምህርት ቤት ነበረ እንላለን።

ከደርግ መንግሥት መውደቅ በኋላ አገራቸውን ትተው በአሜሪካ ኖሩ። ስደት የብዙ ተዋናዮችን ሥራ ይቈርጣል፤ ተመልካቹ በባሕር ማዶ ቀርቷልና። ብዕር ግን በሻንጣ ይገባል። እርሳቸው ተመልካቹንም እንደ ገና ሰበሰቡት፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. በዋሽንግተን ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከልን አቋቁመው ቴያትርና የግጥም ምሽት ያዘጋጁ ጀመር። ወደ አገራቸው የተመለሱት በ2018፥ ከሃያ የሚበልጡ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

ስለ መድረክና ስለ ብዕር ተናግረን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ሳናነሣ ብንወርድ ደግሞ ደግ አይሆንም። በ1908 ዓ.ም. የተወለዱት በመናገሻ አውራጃ ነው። በስዊስ ተምረው ተመለሱ፤ በጠላት ወረራ ጊዜ ተማርከው ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክትሪስ ሆነው ለተማሪዎቻቸው ቴያትር ይጽፉ ነበር። «የልቤ መጽሐፍ» የተባለው መጽሐፋቸው ታትሟል፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ያን ቴያትር ያጠኑት ልጃገረዶች እንደ እኛ ደብተር የያዙ ተማሪዎች ነበሩ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ባለፈው ዓመት በክበባችን ቴያትር የእናትን ክፍል የተጫወተው የ11ኛ ክፍል ወንድ ልጅ ነበር። ነጠላው ከራሱ ላይ ሲወርድ ሁላችሁም ሳቃችኋል፤ ነገር ግን ያ ቦታ የሚለቀስበት ቦታ ነበረ። በመስከረም ሰባት ሴቶች ተመዝግበው ነበር፤ ኅዳር ሲገባ አንዲት እንኳ አልቀረችም። ሰነፎች ስለ ሆኑ አይደለም። ልምምዱ የሚያልቀው ሲመሽ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ እስከ ዋናው መንገድ ያለው ጐዳና ደግሞ መብራት የለውም፤ ዝናብ በጣለ ጊዜም ጭቃው የታወቀ ነው። ወላጅ ልጁን ቢከለክል አንፈርድበትም። «ቴያትር ትምህርት አያስጠናም» ለሚሉን ግን እንዲህ እንመልሳለን፤ አርባ ገጽ በቃሏ የያዘች ልጅ የታሪክ ትምህርቷን ለመያዝ አትቸገርም።

ስለዚህ ከመምህራችን ጋር ተማክረን ልምምዱን ወደ ቅዳሜ ጧት፥ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት አዛውረነዋል። ልጇ የምትለማመድ እናት መጥታ ብትቀመጥ ወንበር አለ። የዘንድሮው ቴያትር አምስት የሴት ክፍሎች አሉት፤ መዝገቡም በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ተቀምጧል።