ለረቂቅ ሥዕል የሚሆን ኤርብራሽ ስለ መምረጥ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የብራና ጽሕፈት የተማረ ሰው መጽሐፍ ለመጻፍ ሲነሣ አስቀድሞ ብዕሩን ይቀርጻል። የሸምበቆውን ጫፍ የሚያሾለውም ሆነ ሰፋ አድርጎ የሚቆርጠው የሚጽፈውን ፊደል መጠን ተመልክቶ ነው እንጂ ሹል ብዕር ሁልጊዜ ይበልጣል ብሎ አይደለም። ዋሸራንና ዲማን የመሰሉ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ባሉበት በጎጃም ምድር ይህ ልማድ ለማንም እንግዳ አይሆንም። ይሁን እንጂ መሣሪያው አዲስ በሆነ ጊዜ ይኸው የቆየ ማስተዋል ቶሎ ይዘነጋል። ኤርብራሽ ለመግዛት በሚነሡ ሠዓሊዎች ዘንድ የሚታየውም ይኸው ነው።

ኤርብራሽ ቀለምን በታመቀ አየር ኃይል አድቅቆ የሚረጭ፣ እንደ ብዕር በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። የተፈለሰፈው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ ሲሆን፣ ለዛሬዎቹ አባት የሚሆነው የቻርልስ በርዲክ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ታይቷል። ለብዙ ዘመንም ፎቶግራፍን ለማሳመርና ለማስታወቂያ ሥዕል ሲያገለግል ኖሯል።

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ደምበጫ፣ እንደ ፍኖተ ሰላምና እንደ ቡሬ ሁሉ፣ የእህል ንግድና የመኪና መተላለፊያ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚኖር ሠዓሊ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ይዞ አይዘልቅም። አንድ ቀን የሱቅ ሰሌዳ ይጽፋል፤ በማግስቱ የጭነት መኪና በር ያስጌጣል፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ቤተ ሰብ ከአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ እንዲሣልለት ያዘዘውን የሟች መልክ ይሠራል። ይህ ባለሙያ ገንዘብ አጠራቅሞ ኤርብራሽ ለመግዛት አዲስ አበባ ሲሄድ የመጀመሪያው ጥያቄው «ከሁሉ የሚቀጥነው የቱ ነው?» የሚል ነው። በዚህም ጥያቄ ምክንያት የዓመት ቁጠባው በየደቂቃው በሚደፈን መሣሪያ ላይ ይቀራል።

ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ ግን ሥራው መስመር ነው ወይስ ጥላ? የሚለው ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠዓሊው በመጀመሪያ ይነድፋል፤ ቀጥሎ ቀለሙን ይሞላል፤ በመጨረሻም የዓይንን፣ የጣትንና የልብስን እጥፋት በጥቁር መስመር ያወጣል። ሥዕሉን ሕይወት የሚሰጠው ይህ ጥርት ያለ የመጨረሻ መስመር ነው። የቢቸናው ተወላጅ ቄስ አዳሙ ተስፋው፣ ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለስ በፋውለር ሙዚየም የታዩላቸው፣ በመስመር ኃይል የሚታወቁ ሠዓሊ ናቸው። እንዲህ ያለውን መስመር ኤርብራሽ አይሠራውም፤ የተረጨ ቀለም የቱንም ያህል ቢቀጥን ጠርዙ ጭጋግ ይኖረዋልና። ስለዚህ ለቅንድብና ለሽፋሽፍት ጥሩ የጠጉር ብሩሽ ይበቃል፤ ዋጋውም እጅግ ያነሰ ነው። ኤርብራሽ የሚበልጠው ከብርሃን ወደ ጥላ ቀስ በቀስ በሚሻገር ሥራ ነው፤ ይኸውም የሰው ጉንጭ፣ የሰማይ ቀለም፣ የብረት ነጸብራቅ፣ የፊደል ጥላ ነው። የሟቹን መልክ የሚሥለው ሠዓሊ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ እንዲይዝ ግን አይጠብቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው የቁጥሩ ነገር ነው። በመሣሪያው ላይ የሚጻፈው 0.2፣ 0.3 ወይም 0.5 ሚሊ ሜትር የሚለው ልክ የአፍንጫውን ቀዳዳ ስፋት ያመለክታል እንጂ የሚሠመረውን መስመር ውፍረት አይደለም። የመስመሩ ውፍረት የሚወሰነው እጅ ከሥዕሉ ባለው ርቀት፣ በቀለሙ ቅጥነት፣ በአየሩ ግፊትና በቃታው አሳሳብ ነው። የለመደ እጅ በ0.3 ወደ ሥዕሉ ተጠግቶ ቀጭን መስመር ያወጣል፤ ያልለመደ እጅ በ0.2 ቀለም ይተፋል። ባለ 0.2 የሚሻው እጅግ የቀጠነና የተጣራ ቀለም ነው፤ ጥቂት አቧራ ይደፍነዋል፤ መርፌውም በቀላሉ ይታጠፋል። ስለሆነም ልዩ ልዩ ሥራ ለሚሠራ ሰው ባለ 0.3 ወይም ባለ 0.35 ይሻላል።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ባለ አንድ ተግባር የሚባለው ቃታው ሲጫን አየሩን ብቻ ይከፍታል፤ የቀለሙ መጠን አስቀድሞ በብሎን ይወሰናል። ባለ ሁለት ተግባሩ ግን ቃታው ወደ ታች ሲጫን አየር፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ቀለም ይሰጣል። ለረቂቅ ሥራ የሚሆነው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ሠዓሊው በአንድ ጭረት ውስጥ መስመሩን ከቀጭን ወደ ወፍራም ሊያሸጋግር ይችላልና። የቀለሙ ኩባያ ከላይ የሆነለት ዓይነትም ቀለሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ በዝቅተኛ ግፊት ይሠራል፤ ጥቂት ጠብታ ቀለምም ይበቃዋል።

አየሩስ ከወዴት ይመጣል? አብዛኛው ረቂቅ ሥራ ከ1 እስከ 2 ባር ግፊት ይበቃዋል። በአውራ ጎዳና ላይ ባሉ ከተሞች ደግሞ ጎሚስታ አይጠፋም። ሆኖም የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ግፊቱ ከዚህ ብዙ እጥፍ ከመሆኑም በላይ ውሃና ዘይት ቀላቅሎ ይልካል፤ ስለዚህ የግፊት መቆጣጠሪያና የውሃ ማጥለያ ሳይገጠምለት ከኤርብራሽ ጋር መገናኘት የለበትም። የራሱን ኮምፕሬሰር የሚገዛ ሰው የአየር ማጠራቀሚያ ጋን ያለውን ይምረጥ፤ አየሩ ሳይቆራረጥ ይወጣል፤ መብራት ድንገት ቢጠፋም የተጀመረው ጭረት አይበላሽም። አቅም ያልፈቀደለት ደግሞ በጎሚስታ የተነፋ የመኪና ጎማ በተስማሚ ማገናኛና በግፊት መቆጣጠሪያ አማካይነት ለጥቂት ጊዜ ሊያሠራው ይችላል።

የአገሩ አየርም ሊታሰብ ይገባል። ከባሕር ወለል በላይ በ2000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በመሆኑም ኮምፕሬሰሩ ጋኑን ለመሙላት ይዘገያል። በበጋ ደረቅ ወራት ቀለሙ በመርፌው ጫፍ ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ ማዘግያ መጨመርና ጫፉን በየጊዜው በረጠበ ብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል። በክረምት ደግሞ በጋኑ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ በየማታው መፍሰስ አለበት።

ገዥው በሱቅ ውስጥ ሳለ መሣሪያውን በውሃ ይሞክረው። በኩባያው ውስጥ አረፋ ከተነሣ አፍንጫው በደንብ አልገጠመም ወይም ተሰንጥቋል። ቀጥሎ በጥቂት ቀለም በካርቶን ላይ የነጥብ ረድፍና ከቀጭን ወደ ወፍራም የሚሄድ መስመር ይሥራ፤ ጭረቱ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ መርፌው ታጥፏል። የጃፓኑ ኢዋታ፣ የጀርመኑ ሀርደርና ስቲንቤክ፣ የአሜሪካው ባጀር የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ስሙ ምንም ቢሆን መለዋወጫ መርፌና አፍንጫ አብሮ መግዛት ይገባል። አንዲት መርፌ ስትታጠፍ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ መሣሪያ፣ መንገድ በተዘጋ ጊዜ መሣሪያነቱ ይቀራል። የመኪና ቀለም የሚረጭ ሰውም የውስጥ ላስቲኩ ቲነር የሚቋቋም መሆኑን ይጠይቅ፤ ለራሱም የቲነር ትነት የሚያጣራ ጭምብል ይግዛ። አፍ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ከትነት አያድንም።

በመጨረሻ አንድ ነገር በጥብቅ ሊነገር ይገባል። ኤርብራሽ በእጁ የገባ ሠዓሊ የደበዘዘ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል «አድስልን» ተብሎ ሊለመን ይችላል። ልመናው ከፍቅር የመጣ ነው። ይሁንና የሚረጨው ጭጋግ በታሰበው ቦታ ብቻ አያርፍም፤ በአጠገቡ ባለው ምስል ላይም ይሰፍራል። በጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳ የተለጠፈ የቆየ ሥዕል እርጥበትንና ቲነርን አይችልም፤ አንዴ የተሸፈነ የጥንት እጅም ተመልሶ አይገኝም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለ የእድሳት ሥራ ያለ ባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ እንዳይሠራ ይከለክላል። ሠዓሊው ለለማኞቹ አዲስ ሥዕል በአዲስ ሰሌዳ ላይ ሊሠራላቸው ይችላል፤ አሮጌውን ግን እንዳለ ይተወው።

እንግዲህ መሣሪያ የሚመረጠው በሥራው፣ በእጁና በአገሩ ነው። ብዕሩን ለፊደሉ የሚቀርጸው ጸሐፊ ይህን ያውቅ ነበር፤ ቀለም የሚረጨው ሠዓሊም ከእርሱ ሊማር ይገባል።